በዴይተን የተከሰሰው አስተማሪ

ከአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ

የታሪክ አስተማሪያችን በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ክፍላችንን ለሁለት ከፍለው ክርክር እንድናደርግ አዘዙን። የክርክሩም አርእስት በ1925 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት፣ ዴይተን በምትባል ትንሽ ከተማ የተደረገው የፍርድ ነገር ነበር። (ዘመኑን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባብያን ልብ ይበሉልኝ። 1925 በእኛ 1917 ነው።) ዕጣ ተጣለና ለእኔ የከሳሾቹ ወገን ደረሰኝ። እውነቱን ለመናገር አዘንሁ። ስለዚህ ነገር አስቀድሞ የማውቀው አንድ ወጣት አስተማሪ የዳርዊንን ትምህርት አስተማርህ ተብሎ መከሰሱንና ከሳሾቹም የዓለም መሳቂያ ሆነው መቅረታቸውን ብቻ ነበር። መሳቂያ ለሆነ ሰው ጠበቃ መቆም ማንን ደስ ይለዋል?

ሁለት ሳምንት ያህል ካነበብሁ በኋላ ግን ሳቄ ቀነሰ። ለምን እንደ ቀነሰ ለጓደኞቼም፣ ይህን መጽሔት ለሚያነቡት ወላጆችም ለማስረዳት ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

መጀመሪያ የጊዜውን ሁኔታ ባጭሩ ልናገር። በ1920 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከአሜሪካ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሜ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት የሴቶች የመምረጥ መብት በመላ አገሪቱ ጸና፤ በዚያው ዓመት የሚያሰክር መጠጥ መሸጥ በሕግ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት በፒትስበርግ ከተማ የተቋቋመው የራዲዮ ጣቢያ የፕሬዚደንቱን ምርጫ ውጤት አሰማ። የፎርድ አውቶሞቢል ከገበሬው ደጅ ደረሰ። የከተማ ልጃገረዶች ጠጕራቸውን አሳጠሩ፤ ቀሚሳቸውም አጠረ። የገጠሩ ሰው ይህን ሁሉ ሲያይ አገሩ ከእጁ እያመለጠች መሰለው። ከተሜውም በበኩሉ የገጠሩን ሰው ያልሠለጠነ አድርጎ ይስቅበት ነበር። ስለዚህ ብዙ ተጽፏልና አላረዝመውም።

የገጠሩን ወላጅ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበው ግን አጭር ቀሚስ አይመስለኝም፤ ትምህርት ቤት ይመስለኛል። ቀድሞ የቴነሲ ገበሬ ልጅ ማንበብና መጻፍ፣ ጥቂትም ሒሳብ ከተማረ በኋላ ወደ እርሻው ይመለስ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ የሚደርሰው ከብዙዎች ጥቂቱ ነው። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ከገባ በኋላ ግን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየአውራጃው ተከፈቱ፤ የተማሪውም ቍጥር በብዙ እጥፍ አደገ። አባትየው ግብር ከፍሎ ያሠራው ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንደሚነገር አያውቅም፤ የልጁን መጽሐፍ ቢገልጠውም አይገባውም። ማታ ልጁ ከራት ላይ ተቀምጦ አባቱ ሰምቶት የማያውቀውን ቃል ይናገራል። አባትየው ቢጠይቅ አላዋቂነቱ ይገለጥበታል፤ ዝም ቢልም ዝምታው እንደ መሸነፍ ይቈጠርበታል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። የባዮሎጂ መጽሐፋችን ስለ ዝግመተ ለውጥ፣ ማለት ኢቮሉሽን ስለሚባለው፣ የሚናገር ምዕራፍ አለው። ያንን በተማርንበት ሳምንት አንድ ማታ ከራት ላይ እያለን ለወንድ አያቴ፣ «አባባ፣ ዝንጀሮ አባታችን መሆኑን ሰምተዋል?» ብዬ ሣቅሁ። አያቴ የቄስ ትምህርት የተማሩ፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የጠቀለሉትን ጉርሻ ከመሶቡ መለሱት እንጂ ምንም አላሉኝም። እናቴ በክርንዋ ጐሰመችኝ። ያልሁትም ነገር ስሕተት ነበር፤ መጽሐፉ የሚለው ሰውና ዝንጀሮ በጣም ሩቅ በሆነ ዘመን ከአንድ የጋራ ዘር ተለያዩ ነው እንጂ ዝንጀሮ ወለደን አይልም። እኔ ግን በዚያች ማታ የፈለግሁት ትምህርቱን ለማስረዳት አልነበረም። ከአያቴ ይልቅ ዐዋቂ መሆኔን ለማሳየት ነበር።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ጆን በትለር የሚባል ገበሬ፣ የቴነሲ ምክር ቤት አባል፣ ያቀረበው ሕግ በማርች ወር 1925 በአገረ ገዥው በኦስቲን ፔይ ፊርማ ጸደቀ። ሕጉ አጭር ነው። ከመንግሥት ገንዘብ በሚረዳ ማናቸውም ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው፣ ሰው በእግዚአብሔር መፈጠሩን መጽሐፍ ቅዱስ የሚናገረውን ክዶ፣ ሰው ከዝቅተኛ እንስሳት የመጣ ነው ብሎ ቢያስተምር ከ100 እስከ 500 ዶላር መቀጫ ይከፍላል ይላል።

በ1920 የተቋቋመው የአሜሪካ የዜጎች ነፃነት ማኅበር ደግሞ ይህን ሕግ በፍርድ ቤት ለመፈተን ፈቃደኛ የሚሆን አስተማሪ ቢገኝ ጠበቃ እንደሚያቆምለት በጋዜጣ አስታወቀ። ዴይተን በዚያን ጊዜ 1,800 ያህል ነዋሪ የነበራት፣ የከሰልና የብረት ሥራዋም የቀዘቀዘባት ከተማ ነበረች። ነጋዴዎችዋ ማስታወቂያውን አይተው በሚስተር ሮቢንሰን መድኃኒት ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተማከሩ፤ ነገሩ በእኛ ከተማ ቢታይ ስማችን ይጠራል፣ ገበያችንም ይደምቃል ተባባሉ። እንግዲህ የዓለምን ጋዜጦች ሁሉ ያናወጠው ክርክር የተወጠነው በመጀመሪያ ነገር ለገበያ ነው።

ጆን ስኮፕስ የሚባለውን የ24 ዓመት ወጣት ቴኒስ ከሚጫወትበት ሜዳ አስጠሩት። ስኮፕስ የሒሳብና የፊዚክስ አስተማሪ፣ ደግሞም የኳስ አሠልጣኝ ነበረ፤ ባዮሎጂ ያስተማረው መደበኛው አስተማሪ በታመመ ጊዜ ተተክቶ ነው። የግዛቱ መንግሥት ራሱ የፈቀደው የባዮሎጂ መጽሐፍ ኢቮሉሽንን ያስተምራልና ባዮሎጂ ያስተማረ ሁሉ ሕጉን ጥሷል አላቸው። መጽሐፉም እዚያው መድኃኒት ቤት ይሸጥ ስለ ነበር ከመደርደሪያው ወርዶ ታየ። ከዚያ በኋላ ለመከሰስ ፈቀደ። የሚያስገርመው፣ ስኮፕስ ኋላ እንደ ተናገረው፣ ያንን ትምህርት በእርግጥ ስለ ማስተማሩ እርግጠኛ አልነበረም።

ችሎቱ ጁላይ 10 ቀን ተከፍቶ ጁላይ 21 ቀን ተዘጋ። ከመቶ የሚበልጡ ጋዜጠኞች መጡ። ሰባኪዎች በየመንገዱ ዳር ሰበኩ፤ ሱፍ የለበሰ ቺምፓንዚ እንኳ ለትርኢት ቀረበ። የቺካጎ የራዲዮ ጣቢያ ክርክሩን በቀጥታ አሰማ፤ በአሜሪካ የፍርድ ቤት ክርክር በራዲዮ በቀጥታ ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከባልቲሞር የመጣው ጋዜጠኛ ሜንከን የአገሩን ሰው በብዕሩ እያዋረደ ጻፈ። የእርሱን ጽሑፍ ያነበበ ከተሜ ሁሉ ሣቀ፤ እኔም ከመቶ ዓመት በኋላ የሣቅሁት ከዚያው ሣቅ የተረፈውን ይመስለኛል።

ለከሳሾቹ የቆመው ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ነው። እኔ ወግኜ እንድከራከርለት የታዘዝሁት ለእርሱ ስለ ሆነ ከማንም ይልቅ እርሱን አጠናሁት። በ1896፣ በእኛ የዐድዋ ድል በሆነበት ዓመት መሆኑ ነው፣ ገና በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ለፕሬዚደንትነት ተወዳደረ፤ በ1900ና በ1908ም ደገመ፤ ሦስቱንም ጊዜ ተሸነፈ። የተከራከረው በዕዳ ለተያዘው ገበሬና ለሠራተኛው ነበር። ሴቶች እንዲመርጡ ደግፏል። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኖ ሲሠራ፣ አገሩ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የምትገባበትን መንገድ ይዛለች ብሎ ስለ ፈራ በ1915 ሥልጣኑን ለቀቀ። ሥልጣኑን ስለ ሰላም የለቀቀ ሰው እንዴት ጨለማን የሚወድ ሰው ሆኖ ይታሰባል?

ዳርዊንን የጠላበትም ምክንያት በሃይማኖት ብቻ አልነበረም። የጀርመን መኰንኖች ብርቱው ደካማውን ማጥፋቱ የተፈጥሮ ሕግ ነው እያሉ ጦርነቱን ሲያጸድቁ መጽሐፍ ላይ አንብቦ ነበር። ይህ ትምህርት በወጣቱ ልብ ቢገባ ለድኻው የሚራራ ሰው አይገኝም ብሎ ፈራ። ደግሞም ልዩባ የሚባል የሥነ ልቡና ሊቅ በ1916 ያሳተመው ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎች በትምህርት በገፉ ቍጥር እምነታቸው እየቀነሰ መሄዱን ያሳይ ነበርና ብራያን ይህን ሁልጊዜ ይጠቅሰው ነበር። ትምህርት ቤቱን የሚያሠራውና የአስተማሪውን ደመወዝ የሚከፍለው ወላጅ ከሆነ፣ ልጁ ምን መማር እንዳለበት የሚወስነውም ወላጅ ነው የሚል ነበር ዋናው ክርክሩ።

ለስኮፕስ የቆመው ደግሞ የቺካጎው ጠበቃ ክላረንስ ዳሮው ነው። ዳሮው በ1896 ምርጫ ብራያንን የደገፈ ሰው ነበር። የሁለቱ ሰዎች መለያየት አንድ ቤተ ሰብ ሲለያይ እንደማየት ሆነብኝ። ሌላው የተከሳሽ ጠበቃ ዳድሊ ማሎንም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በብራያን ሥር የሠራ ነው። ማሎን ወጣቶች አእምሮአቸው ተከፍቶ እንዲኖር ተዉአቸው፣ እውነት ሕግ አይጠብቃትም እያለ በተናገረ ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ያጨበጨበውም ያው ሜንከን የሳቀበት ገበሬ ነው።

የተከሳሽ ወገን ብዙ ሊቃውንት አምጥቶ ነበር። ዳኛው ራውልስተን ግን የክሱ ጥያቄ አስተማረ ወይስ አላስተማረም የሚል ብቻ ነው ብለው ምስክርነታቸው ለጁሪው እንዳይሰማ ከለከሉ። ቀርቦ ለመናገር የቻለው የእንስሳት ተመራማሪው ሜይናርድ ሜትካፍ ነው፤ እርሱንም ጁሪው አልሰማውም። ሜትካፍ በቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምር የነበረ ክርስቲያን ነበር። ጁሪ የሚባሉት ለፍርድ የተቀመጡ አሥራ ሁለት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከአዳራሹ ውጭ ይቈዩ ነበር። በመላ አገሪቱ ለዚህ ክርክር የቅርብ ቦታ የተሰጣቸው እነርሱ ሲሆኑ ከሁሉ ያነሰ የሰሙትም እነርሱ ናቸው፤ በራዲዮ የሰማ የቺካጎ ሰው ይበልጣቸዋል።

ከምስክሮቹ መካከል የስኮፕስ ተማሪዎች ነበሩ። ዳሮው ከመካከላቸው አንዱን፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፣ ይህ ትምህርት የጐዳህ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። ልጁም የለም አለ። ሌላውም ቤተ ክርስቲያኑን እንዳልተወ ተናገረ። ስለ እነዚህ ልጆች ነበር ሕጉ የወጣው፤ በመጻሕፍቱ ግን የእነርሱ ቃል የሚወስደው ቦታ ከጥቂት መስመር አይበልጥም።

ጁላይ 20 ቀን ሙቀቱ ስለ በረታ፣ ወለሉም ሕዝቡን አይችልም ተብሎ ስለ ተፈራ፣ ችሎቱ ወደ ሣሩ ሜዳ ወጣ። ዳሮው ብራያንን ራሱን በመጽሐፍ ቅዱስ ዐዋቂነት ለምስክርነት ጠራው፤ ሁለት ሰዓት ያህልም ጠየቀው። ዓሣ አንበሪ ዮናስን ስለ መዋጡ፣ ኢያሱ ፀሐይን ስለ ማቆሙ፣ ቃየን ሚስት ከወዴት ስለ ማግኘቱ ጠየቀው። የጥፋት ውሃ መቼ እንደ ሆነም ሲጠይቀው በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዳር የታተመው የኤጲስ ቆጶስ አሸር ቍጥር ተነሣ፤ በዚያ ቍጥር ዓለም የተፈጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ዓመት ነው። ለክርክሩ ስዘጋጅ ይህን ለአያቴ አነበብሁላቸው። ከዚያች ማታ በኋላ ስለ ትምህርቴ ስነግራቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ወዲያው ቀና ብለው፣ «አራት ሺህ አራት? ማን ቈጠረው? አምስት ሺህ አምስት መቶ ነው እንጂ!» አሉ። በእኛ ባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን ነውና። አያቴ በዴይተን ቢኖሩ ኖሮ ከዳሮውም ከብራያንም ጋር የሚጣሉ ይመስለኛል።

ብራያን ግን በመጨረሻ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት እያንዳንዳቸው የ24 ሰዓት ቀን ናቸው ብሎ እንደማያምን፣ ረጅም ዘመናት ሊሆኑም እንደሚችሉ ተናገረ። ከደጋፊዎቹ ብዙዎች ደነገጡ። ዳኛው በማግሥቱ ያ ምስክርነት ከመዝገብ እንዲሠረዝ አደረጉ። ዳሮው ወደ በላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ለማለት ስለ ፈለገ ራሱ ጥፋተኛ ብላችሁ ፍረዱ ብሎ ጁሪውን ለመነ፤ በዚህም ብራያን ያዘጋጀው ረጅም የመዝጊያ ንግግር ሳይሰማ ቀረ። ጁሪው ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ተማክሮ ጥፋተኛ አለው፤ ዳኛውም 100 ዶላር ፈረዱበት። ከአምስት ቀን በኋላ፣ እሑድ ጁላይ 26፣ ብራያን እዚያው ዴይተን ምሳውን በልቶ እንደ ተኛ ሞተ። በ1927 የቴነሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ የሻረበት ምክንያት ከ50 ዶላር በላይ የሆነውን መቀጫ መወሰን የነበረበት ጁሪው ነው፣ ዳኛው አይደለም የሚል ነው። ሕጉ ራሱ እስከ 1967 ጸንቶ ኖረ። በ1968 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአርካንሳስ የነበረውን ተመሳሳይ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሻረ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን መጽሐፉ ነው። ስኮፕስ የተከሰሰበት የባዮሎጂ መጽሐፍ በ1914 የታተመው የጆርጅ ሀንተር መጽሐፍ ነው። ብራያን ይህን መጽሐፍ በችሎት ላይ ይዞ በአንድ ሥዕሉ ተሳልቆበታል፤ ሰውን ከሦስት ሺህ ከሚበልጡ አጥቢ እንስሳት ጋር ባንድ ትንሽ ክብ ውስጥ አጐሩት አለ። አንድ ሁለት ቅጠል ወደፊት ቢገልጥ ኖሮ ሌላ ነገር ያገኝ ነበር። እዚያ ላይ የሰው ዘር በአምስት ይከፈላል ተብሎ ተጽፏል። ከአምስቱ በመጀመሪያ የተጠራው ከአፍሪካ የመጣው ጥቁር ሕዝብ ሲሆን የተሰጠው ስም «ኢትዮጵያዊ» የሚል ነው። በመጨረሻም የአውሮፓና የአሜሪካ ነጮች ከሁሉ የበላይ ናቸው ይላል። በሌላ ምዕራፍ ደግሞ ዩጀኒክስ የሚባለውን፣ የሰውን ዘር እንደ ከብት መርጦ የማራባትን ሐሳብ ያስተምራል፤ ደካማ አእምሮ አላቸው የሚላቸው ሰዎች እንዳይዋለዱ ወንድና ሴቱ ተለይተው ይዘጉ ይላል።

የአገሬን ስም እዚያ ላይ ሳይ መጽሐፉን ዘጋሁት። በጓደኞቼ ዘንድ የሥልጣኔ ምልክት ሆኖ የቆመው መጽሐፍ ይህ ነው። በክርክራችን ቀንም ይህን ገጽ አነበብሁላቸው፤ ክፍሉም ጸጥ አለ። ብራያን ብርቱው ደካማውን ያዋርዳል ብሎ የፈራው እነሆ ተጽፎ ይገኛል፣ የወላጅ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም አልሁ። ያሸነፍሁ መስሎኝ ነበር።

ከተቃራኒው ወገን አንዲት ጓደኛዬ ተነሥታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «የበትለር ሕግ ይህንን ገጽ ይከለክላልን?» አለች። አይከለክልም። ሕጉ የከለከለው ሰው ከእንስሳት መጣ ማለትን ብቻ ነው። አንድ አስተማሪ ነጭ ከሁሉ ይበልጣል ብሎ ዓመቱን ሙሉ ቢያስተምር አንድ ሳንቲም አይቀጣም ነበር። በቴነሲ ያን ጊዜ ነጭና ጥቁር ተማሪዎች በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ብራያንም ቢሆን በ1924 በፓርቲው ጉባኤ ላይ ኩ ክላክስ ክላን በስሙ ተጠርቶ እንዳይወገዝ ተከራክሯል። ባነበብሁት ሁሉ ውስጥ በችሎቱ ላይ ስለዚያ ገጽ የተከራከረ ሰው አላገኘሁም፤ ከከሳሽም ከተከሳሽም። የማንኛቸውም ወላጅ በዚያ ገጽ አልተነካምና።

ያንን ገጽ ያሸነፈው ሌላ መጽሐፍ ነው። ፍራንዝ ቦአዝ የሚባል ሊቅ የሀንተር መጽሐፍ ከመታተሙ ሦስት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1911፣ በሰው ዘሮች መካከል በአእምሮ የበላይና የበታች አለ የሚለው ነገር ማስረጃ እንደሌለው ጽፎ ነበር። የዴይተን ልጆች ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን አድርጎ የሚያስነብብ አስተማሪ አጥተዋል። መጽሐፍ የሚዘጋ ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለውን አስተማሪ አያመጣም፤ ከችሎቱ በኋላ የሆነውም የመጽሐፍ አሳታሚዎች ስለ ኢቮሉሽን የሚጽፉትን ለብዙ ዓመታት ማሳነሳቸው ነው። ስለዚህ እኔ የብራያን ጠበቃ በመጨረሻ ድምፅ ሲሰጥ እጄን ያነሣሁት በብራያን ሕግ ላይ ነው። የእኔ ወገን 19 ለ23 ተሸነፈ። የወገኔ ልጆች እስካሁን አኵርፈውኛል።

ነገር ግን ድምፄን ለዳሮው ስለ ሰጠሁ በዚያች ማታ በአያቴ ላይ የሣቅሁት ሣቅ ትክክል ሆነ ማለት አይደለም። ዳሮው በሣሩ ሜዳ ላይ ብራያንን ሲጠይቅ ተሰብሳቢው ሲሣቅ የነበረውን አነብና ያ መሶብ ትዝ ይለኛል። የገበሬው ልጅ በትምህርት ቤት ምን ሰምቶ እንደ መጣ ለአባቱ ቀስ ብሎ ቢያስረዳው ኖሮ በትለር ሕጉን ያወጣ ነበር ወይ? አላውቅም።

ከክርክሩ በኋላ በነበረው እሑድ የባዮሎጂ መጽሐፌን ይዤ ከአያቴ አጠገብ ተቀመጥሁ። «አባባ፣ ያን ጊዜ በስሕተት ነው የነገርኩዎት፤ እንደ ተጻፈው ላንብብልዎት?» አልኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ፊደሉ እንግሊዝኛ መሆኑን እያወቁ። እኔ እየተረጐምሁ ሄድሁ፤ ሦስት ጊዜ ቃል ጠፍቶብኝ ቆምሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ አያቴ ጠበቁኝ። አንዱን ቃል እርሳቸው በግእዝ አገኙልኝ። በተጻፈው አልተስማሙም፤ አልስማማም ብለውም ነገሩኝ። ግን ገጹ ሲያልቅ፣ «በል ገልጥ» አሉኝ። የቀረን አሥራ አንድ ገጽ ነው።